20 ኮፍያና 10 ኪሎ ሜትር፦ የእጅ ሥራዬንና የሩጫ ልምምዴን እንዴት ላስማማ?

ክርና ጫማ፣ መስከረም 4

ሰላም ለሁላችሁ፤ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። የምኖረው ጅማ ነው፤ የምሠራውም በአንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ውስጥ ነው። ሹራብ መሥራት ከእናቴ ጎን ቁጭ ብዬ የተማርኩትና እስከ ዛሬ ያልተለየኝ ነገር ሲሆን፣ ሩጫ ግን ትምህርት ቤት ከጨረስኩ ወዲህ ዝናብ ሲያባርረኝ ካልሆነ በቀር ሞክሬው አላውቅም። በጳጉሜን ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ቃል ገባሁና፣ አሁን ሁለቱ እርስ በርስ ይገፋፉብኝ ጀመር።

አንደኛው ቃል ሩጫው ነው። በኅዳር አዲስ አበባ ላይ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ ከሦስት የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተመዝግበናል። በመሥሪያ ቤታችንና በየሰፈራችን ያሉ ሰዎች ለምንጨርሰው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የአቅማቸውን ያህል ብር ሊሰጡ ፈርመውልናል፤ ገንዘቡም በከተማችን ለሚገኝ የአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ብርድ ልብስና አንሶላ መግዣ ይሆናል። ሁለተኛውን ቃል ያመጣብኝ አፌ ነው። የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝር ሲነበብ "ኮፍያውን ለእኔ ተዉት" አልኩና፣ 20 የሕፃናት ኮፍያ በእጄ ሠርቼ ከገንዘቡ ጋር ላስረክብ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ።

የሂሳብ ሰው ነኝና አስቀድሜ አስልቼዋለሁ። አንድ ኮፍያ ሳልቸኩል ብሠራው 3 ሰዓት ያህል ይፈጅብኛል፤ 20 ሲሆን 60 ሰዓት ነው። ሩጫው ሊደርስ 10 ሳምንት ቀርቶታል፤ ስለዚህ በሳምንት 6 ሰዓት ለክሩ፣ ቢያንስ 4 ሰዓት ደግሞ ለልምምዱ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ በሳምንት 10 ሰዓት ማግኘት የሚያቅት አይደለም፤ ችግሩ ሁለቱም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ከሥራ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ቤት ስደርስ የሚቀረኝ የቀን ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ብሮጥ ክሩ ይቀራል፤ ክሩን ብይዝ ሩጫው ይቀራል። ከመሸ በኋላ ልሥራ ብል መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፤ በሻማ ብርሃን ጥቁር ሰማያዊ ክር ላይ ዐይን፣ ማለትም መርፌው ላይ ያለውን እያንዳንዱን የክር ቀለበት፣ መቁጠር ምን እንደሚመስል ደግሞ የሞከረው ያውቀዋል። ማለዳ 11 ሰዓት ላይ ልውጣ ብል መንገዱ የጨለማና የውሻ ነው፤ የጅማ ዝናብም መስከረም ጠባ ተብሎ ሻንጣውን የሚያነሳ እንግዳ አይደለም።

ከእናንተ መካከል የእጅ ሥራንና ስፖርትን አንድ ላይ ይዞ የዘለቀ ሰው ካለ፣ ጊዜውን እንዴት እንደከፋፈለው ቢነግረኝ በጣም አመሰግናለሁ። ከሁለቱ አንዱን ተዪ የሚለውን ምክር ግን ባለቤቴ በነፃ ሰጥቶኛል።

ጅሬን ዳገት፣ መስከረም 5

እህቴ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ ስለ ሹራብ የማውቀው መልበሱን ብቻ ስለሆነ በሩጫው በኩል ያለውን ልናገር።

በየቀኑ መሮጥ አለብኝ ብለሽ ከሆነ ስሌቱን እንደገና ሥሪው። ለጀማሪ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ እሑድ ደግሞ ረዘም ያለውን። በመካከል ያሉት የዕረፍት ቀናት የስንፍና ቀናት አይደሉም። ሰውነት የሚጠነክረው ከሮጠ በኋላ ሲያርፍ ነው፤ ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲሻሻል ጅማትና አጥንት ግን ዘግይተው ስለሚለምዱ፣ ብዙ ጀማሪ የሚጎዳው "አሁንስ ቻልኩት" ባለበት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት 2 ደቂቃ ሮጠሽ 2 ደቂቃ ተራመጂ። ከዚያ በኋላ የሩጫውን ደቂቃ እየጨመርሽ የእርምጃውን ትቀንሻለሽ። ፍጥነትሽን በሰዓት አትለኪው፤ ከጎንሽ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። የእሑዱን ከ4 ተኩል ኪሎ ሜትር ጀምረሽ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ሜትር ብትጨምሪበት፣ ከሩጫው ሁለት ሳምንት በፊት 8 ኪሎ ሜትር ላይ ትደርሻለሽ። መጨረሻው ሳምንት ላይ ደግሞ ልምምዱን ወደ ግማሽ ታወርጂዋለሽ። ቀሪውን 2 ኪሎ ሜትር ጭፈራውና ሕዝቡ ይሸከምሻል፤ መጀመሪያ አካባቢ እንደሆነ ከሰዉ ብዛት የተነሳ መራመድሽ አይቀርም።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ መውጣት አያስፈልግሽም። እዚህ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ላይ ይነጋል፤ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተሽ 40 ደቂቃ ብትሮጪ ታጥበሽና ቁርስሽን በልተሽ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ሥራ ቦታሽ ትደርሻለሽ። በዚህ ዓይነት ማለዳው ለእግር፣ ምሽቱ ለእጅ ይሆናል። ዝናብ ቢጥል አያሟሟሽም፤ የሚያስፈራው መብረቁና ጭቃው ነው፤ መብረቅ ካለ ቤት ዋዪ፣ ጭቃ ከሆነ አስፋልት ፈልጊ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር አካባቢ ስትሆን የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ቀላል የሆነልሽ ፍጥነት እዚያ ያስተነፍስሻል፤ ለዚህም ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ከእሑዶቹ ጥቂቱን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅሬን ዳገት ላይ አድርጊው። ከመሃል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ሙሉውን መውጣት የለብሽም። ስትወርጂ ግን ተራመጂ፤ ጉልበት የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው።

ፊት ለፊት፣ መስከረም 5

ሐሳቡን አልነቅፍም፤ ነገር ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሕፃናቱ የሚፈልጉት ኮፍያ ከሆነ ተሠርቶ ገበያ ላይ ይሸጣል። አንዲት የሂሳብ ባለሙያ 60 ሰዓት ቁጭ ብላ 20 ኮፍያ ከምትሠራ፣ በዚያው 60 ሰዓት ተጨማሪ ሥራ ሠርታ በገንዘቡ 100 ኮፍያ ብትገዛ አይሻልም ወይ? ሩጫውም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ የአውቶቡሱንና የአልጋውን ወጪ በቀጥታ ለክፍሉ መስጠት ይቻላል። እንዳትቀየሚኝ፤ ስሌት ስላቀረብሽ ነው ስሌት ያመጣሁት።

ሂርማታ ክር ቤት፣ መስከረም 6

ክር ሻጭ ነኝና ጥቅሜን አስቀድሜ ልናዘዝ። ይህን ካልኩ በኋላ፣ ወንድሜ ፊት ለፊት ገበያ ወጥተህ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን የሚሆን ኮፍያ ፈልግ። እኔ ባለሁበት መደዳ የሚሸጠው የሦስትና የስድስት ወር ልጅ ልክ ነው፤ ለትንሹ ሲያጠልቁት ዓይኑ ላይ ይወርዳል። ስለ ጊዜው የተናገርከው ግን ልክ ነው፤ አልከራከርህም።

ለእህታችን ደግሞ ይህን እላለሁ፦ ለ20ው የሚበቃውን ክር አንድ ጊዜ ግዢ። ቀለሙ አንድ ዓይነት መስሎ የማቅለሚያ ቁጥሩ የተለያየ ጥቅል አለ፤ ግማሹን መስከረም ግማሹን ጥቅምት ከገዛሽ ነጩ እንኳ ሁለት ዓይነት ነጭ ይሆንብሻል።

ሌሊት ተረኛ፣ መስከረም 7

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ውይይቱ ወደ እኛ ስለመጣ ጥቂት ልበል።

ሕፃን ከቀረው አካሉ ጋር ሲነጻጸር ጭንቅላቱ ትልቅ ስለሆነ ብዙ ሙቀት የሚያጣው በዚያ በኩል ነው። የሙቀቱ መጠን ከ36.5 በታች ሲወርድ የሚጠባበትንና የሚያድግበትን ጉልበት ራሱን ለማሞቅ ያውለዋል። እናት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ አቅፋ በምታሞቅበት የካንጋሮ እንክብካቤ ጊዜ ሕፃኑ የሚለብሰው ዳይፐር፣ ካልሲና ኮፍያ ነው። ስለዚህ ኮፍያው ለጌጥ አይደለም። ሆኖም ያለ መመሪያ ተሠርቶ የሚመጣ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፤ እህቴ እነዚህን ነገሮች ልብ በያቸው። አናቱ ላይ የክር ኳስ፣ ከጎኑ ማሰሪያ ገመድ፣ ቁልፍም አይኑረው። ከውስጥ በኩል የተንጠለጠለ የክር ጫፍ አትተዪ፤ የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊከለክል ይችላል። ክሩ ደጋግሞ በሙቅ ውኃ መታጠብን የሚችል ይሁን፤ የበግ ጠጉር ክር በሙቅ ውኃ ታጥቦ ሲወጣ ለአሻንጉሊት ነው የሚሆነው። ጊዜው ደርሶ የተወለደ ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ በአብዛኛው ከ33 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ያለጊዜው የተወለደው ከዚያ ያንሳል። ከሁሉ በፊት ግን ክፍሉን የምትመራውን ነርስ አነጋግሪ፤ ምን ያህል፣ በምን ልክ ብለሽ ጠይቂ።

ክርና ጫማ፣ መስከረም 8

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መምህር፣ የማለዳውን ሐሳብ ተቀብዬዋለሁ፤ ትናንት ወጥቼ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም ጊዜ እንደሆነ ተረዳሁ። ሲስተር፣ ክፍሉን አነጋግሬ 12 በመደበኛው ልክ፣ 8 ደግሞ ከዚያ አነስ ብሎ እንዲሠራ ተስማምተናል።

ወንድሜ ፊት ለፊት፣ አልተቀየምኩም፤ እኔም ራሴን የጠየቅሁት ነው። ነገር ግን እነዚያ 60 ሰዓታት ለሽያጭ የቀረቡ አልነበሩም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ገንዘብ ስደምር ስቀንስ ውዬ ማታ እጄ ክር ሲይዝ ነው ጭንቅላቴ የሚያርፈው፤ ያንን ሰዓት በትርፍ ሰዓት ክፍያ ብለውጠው በወሩ መጨረሻ የሚተርፈኝ ራስ ምታት ነው። ሩጫውም ቢሆን ሰው የሚፈርመው እኔ ስሮጥ ለማየት ነው፤ ቁጭ ብዬ ብጠይቅ ግማሹም አይሰጠኝም፤ ይህንን ግን በማስረጃ ላረጋግጥልህ አልችልም።

የባልትና ክፍል ተማሪ፣ መስከረም 10

ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬ ከስድሳ አልፏል። ሹራብ የተማርኩት በንጉሡ ዘመን በትምህርት ቤታችን የባልትና ክፍል ውስጥ ነው፤ መምህራችን የወረደብንን ዐይን ከክፍሉ ማዶ ሆነው ያዩ ነበር። ሩጫ አላውቅም፤ ነገር ግን ስድስት ልጅ እያሳደጉ ሹራብ መሥራት ከሩጫ ይብስ እንደሆነ እንጂ አያንስም።

ከላይ የጻፋችሁትን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ሁላችሁም የከፋፈላችሁት ሰዓቱን ነው፤ ሥራውን የከፋፈለ ግን የለም። ኮፍያ አንድ ሥራ ይመስላል እንጂ ሁለት ሥራ ነው። ከጠርዙ እስከ አናቱ መጀመሪያ ያለው ዙሪያውን በአምስት መርፌ የሚሄደው ክፍል ጭንቅላት አይጠይቅም፤ እየተጨዋወቱ፣ ቡና እየጠበቁ፣ እያዛጉም ይሠራል። አናቱ ላይ ዐይን እየቀነሱ የሚዘጋው ክፍል ግን ቁጥር አለው፤ አንድ ቢሳሳቱ ጠምዛዛ ይሆናል። ስለዚህ ኮፍያውን አንድ በአንድ አትጨርሺ። በሮጥሽበት ቀን ማታ ዙሪያውን ብቻ ሥሪ፤ አናቱ ላይ ስትደርሺ ዐይኖቹን በትርፍ ክር ላይ ሰክተሽ አስቀምጪውና ሌላ ጀምሪ። ባላረፍሽበት ቀን ዐይን አትቀንሺ። አራት አምስት ሲጠራቀም በዕረፍት ቀንሽ፣ በቀን ብርሃን፣ አናታቸውን ባንድ ላይ ዝጊው። ለማታ ነጭና ቢጫ ክር ያዢ፤ ሰማያዊውን ለቅዳሜ ቀን ተዪው።

ደግሞም ቡና ሲፈላ እጅሽን ባዶ አታስቀምጪ። ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ሲደመር ስንት ዙር እንደሚያስኬድ እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንድ ሰው በወሬ መሃል ክር መያዝ ነውር ነው ይላል፤ ጎረቤቶቼ ከለመዱኝ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል።

ክርና ጫማ፣ ጥቅምት 10

እናቴ፣ ምክርዎን ይዤ አንድ ወር ሄድኩ። 6 ኮፍያ አልቋል፤ 5 ደግሞ አናታቸው ክፍት ሆኖ በክር ተሰክተው ቅርጫት ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አሠራሩን እንዲህ መለያየትዎ ማታዬን መልሶ ሰጥቶኛል። የዛሬው መልእክቴ ግን ደስታ አይደለም።

ትናንት እሑድ ከባልደረቦቼ ጋር ወደ ጅሬን ወጣን። ስድስት ተኩል ኪሎ ሜትር ነበር የታሰበው፤ ከመካከላችን አንዱ ወጣት ነውና ፊት ፊታችን እየሄደ ሳናስበው አፈጠነን፤ ዳገቱ ላይ መናገር ቀርቶ መስማትም አቅቶኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ እግሬን ሰቅዬ ክሬን ያዝኩ፤ ሁለት ኮፍያ ዙሪያቸውን ጨረስኩና ደስ አለኝ። ማታ ከሌሎቹ ጋር ሳስተያያቸው ደነገጥኩ። ሁልጊዜ የምጀምረው በ64 ዐይን፣ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ ነው፤ ሳይወጠር ዙሪያው 29 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። እነዚህ ሁለቱ 25 እንኳ አልሞሉም። ያው ክር፣ ያው መርፌ፣ ያው ቁጥር። ጠረጴዛው ላይ የነበረ ብርቱካን ላይ ባለብሰው ልክክ አለ፤ ባለቤቴ ፎቶ አነሳው። ተናድጄ አንዱን ወዲያው ተረተርኩት።

ከዚያም በላይ አንገቴና ትከሻዬ ድንጋይ ሆነው አደሩ፤ ሌሊት ደግሞ የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ጣቶች እየደነዘዙ ቀሰቀሱኝ። ሩጫው በእግር መስሎኝ ነበር፤ እጄን ምን አገኘው?

ጅሬን ዳገት፣ ጥቅምት 10

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ፍጥነቱ የነገርኩሽን በአንድ ወጣት ምክንያት ረሳሽው፤ ይህን ካልኩ በቂ ነው።

እጅሽን ያገኘው ግን ይህ ይመስለኛል። ሰው ሲደክም ሳያውቀው ጡጫውን ይጨብጣል፤ ጡጫው ሲጠብቅ ክንዱ ይጠብቃል፤ ትከሻውም ወደ ጆሮው ይወጣል። አንቺ አንድ ሰዓት በጡጫ ዳገት ከወጣሽ በኋላ በዚያው በተጨበጠ እጅ ክር ጎትተሻል። ያ ኮፍያ ልኩ የጠበበው ክሩ ላይ ሳይሆን አንቺ ላይ በደረሰው ነገር ነው። እኔ ተማሪዎቼ የደከሙ መሆናቸውን ከፊታቸው ነው የማነበው፤ አንቺ ግን በሴንቲ ሜትር የሚለካ ነገር አለሽና ብትጠቀሚበት አልጠላም።

አሁን ቡናው እየቀላ ነው። በሚቀጥለው ሩጫሽ በእያንዳንዱ እጅሽ አንድ አንድ የበሰለ ቀይ እሸት ቡና ይዘሽ ውጪ፤ ሳይፈርጥ ይዘሽው ከተመለስሽ እጅሽ ልል ነበር ማለት ነው። ለተማሪዎቼ የማደርገው ነው፤ መጀመሪያ ቀን መዳፉ ያልረጠበ የለም። በየአምስት ደቂቃው ደግሞ እጆችሽን ወደ ታች ጥለሽ አራግፊያቸው። ይህን ሳምንት ሐሙስን ዝለዪው፤ እሑድ 6 ኪሎ ሜትር በሜዳ፣ በወሬ ፍጥነት ይበቃሻል።

ሌሊት ተረኛ፣ ጥቅምት 11

በእነዚያ ሦስት ጣቶች ላይ ሌሊት የሚመጣ መደንዘዝ ብዙ ጊዜ በእጅ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚሆን ነው፤ አንድን እንቅስቃሴ ለረጅም ሰዓት የሚደጋግም ሰው ላይ ይታያል። ለጥቂት ቀናት ክሩን ተዪው፤ ስትተኚ አንጓሽ እንዳይታጠፍ በስስ ፎጣ ጠቅልለሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ካልተሻለሽ፣ ወይም ዕቃ ከእጅሽ መውደቅ ከጀመረ፣ ሳትዘገዪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ስንበላ ወይም በልተን ወዲያው ቡና የመጠጣት ልማዳችን ከምግቡ የምናገኘውን ብረት እንዳይመጠጥ ያደርጋል። ለሴት፣ በተለይም ለምትሮጥ ሴት፣ ደም ማነስ የቅርብ ጎረቤት ነው። ቡናውን ተዪ አልልም፤ ጅማ ውስጥ ይህን ያለ ሰው ማን ያስጠጋዋል? ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አርቂው።

ያልተረተርሽውን ኮፍያ ግን አደራሽን እንዳትነኪው። ከተስማማችሁበት 8 ትንንሽ ኮፍያ አንዱ እሱ ነው። ከወሩ ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ የተወለደ ሕፃን የጭንቅላት ዙሪያ 28 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ 25ቱ ሲለጠጥ ልክ ይሆናል።

የባልትና ክፍል ተማሪ፣ ጥቅምት 11

ምነው ልጄ፣ በንዴት ይተረተራል እንዴ! እኛ ቤት የተበላሸ ሥራ አንድ ሌሊት ሳያድር አይተረተርም ነበር።

መርፌሽ ብረት ነው መሰለኝ። የቀርከሃ ወይም የእንጨት ብታገኚ ቀለል ያለና የማያንሸራትት ስለሆነ እጅ አጥብቆ እንዲይዘው አያስገድድም። ግማሽ ሰዓት በሠራሽ ቁጥር ተነሺ፤ ወጥ አማስዪ፣ ደጅ ውጪ፣ የፈለግሽውን አድርጊ። የሮጥሽበት ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ አትሥሪ፤ ከራት በኋላ ይሁን።

ሂርማታ ክር ቤት፣ ጥቅምት 11

የተረተርሽውን ክር እንደተጠቀለለ እንዳትሠሪበት፤ ሽክርክሪቱ ሥራውን ያበላሸዋል። በወንበር ጀርባ ላይ ዘርግተሽ አራት ቦታ ልል አድርገሽ እሰሪውና ለብ ባለ ውኃ ንከሪው፤ ከዚያ ከታቹ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥለሽበት ጥላ ላይ ይድረቅ። የቀርከሃ መርፌ አለ፤ 4 ሚሊ ሜትሩ ግን ሁለት ስብስብ ብቻ ነው የቀረው።

ክርና ጫማ፣ ኅዳር 7

እንደምን ሰነበታችሁ። የፊታችን እሑድ ሩጫው ነው። መደንዘዙ አምስት ቀን ካረፍኩ በኋላ ለቀቀኝ። ቀይ ቡናውን ሦስት ጊዜ አፈረጥኩት፤ በአራተኛው ይዤው ቤት ገባሁ፤ ልጄ ተቀብላኝ በላችው። ባለፈው እሑድ 8 ኪሎ ሜትር ሳልራመድ ጨርሻለሁ። ኮፍያው ከጠበበብኝ ወዲህ አንድ ልማድ አወጣሁ፤ ከሩጫ በኋላ ማታ አምስት ዙር ሠርቼ በሜትር እለካለሁ፤ ከ28 በታች ከመጣ ክሩንም የሚቀጥለውንም ሩጫ አሳርፋለሁ። እስካሁን ሁለት ጊዜ አሳርፎኛል።

ኮፍያው ግን አልደረሰም። 14 ተዘግቷል፤ 3 አናታቸው ክፍት ነው፤ 3 አልተጀመሩም። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ አውቶቡሱ ላይ ሦስቱን ዘግቼ ቀሪዎቹን ልጀምር እያልኩ ነው። ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል ለራሴ የሠራሁት ወፍራም ካልሲ አለ፤ እሱን አድርጌ ብሮጥ ደስ ይለኝ ነበር።

ጅሬን ዳገት፣ ኅዳር 7

ካልሲውን ሻንጣሽ ውስጥ ክተቺውና ማታ ስትተኚ አድርጊው። በሩጫ ቀን ከዚህ በፊት ያልሮጥሽበት ነገር እግርሽ ላይ አይገባም፤ በእጅ የተሠራ ካልሲ ደግሞ ስፌቱ ጣት ላይ አርፎ በ10 ኪሎ ሜትር ውኃ ይቋጥራል። አውቶቡሱ ላይ በየቆመበት ውረጂና ተራመጂ፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሰሽ ክር ከያዝሽ ያ ትከሻ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ቀን ቀድሞ መድረስ ከከፍታው ጋር አያላምድምና፣ የመጀመሪያውን 3 ኪሎ ሜትር ከጅማው ፍጥነትሽ ቀነስ አድርጊው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚያ ላይ ነው፤ ሙዚቃው ይገፋቸዋል።

የባልትና ክፍል ተማሪ፣ ኅዳር 8

ያልተጀመሩትን ሦስቱን ለእኔ ተዪ። ክሩን ሂርማታ ክር ቤት ዘንድ አስቀምጪልኝ፤ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ እወስደዋለሁ። ዐይኑ 64 መሆኑን አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን እኔ እጄ ልል ነውና በ60 እጀምረዋለሁ።

ክርና ጫማ፣ ኅዳር 8

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ክሩን ዛሬ ማታ አስቀምጥልዎታለሁ፤ ሁለት ነጭና አንድ ቢጫ ነው። ክፍት የቀሩትን ሦስቱን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ።

ፊት ለፊት፣ ኅዳር 9

ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ኮፍያ መግዛት አሁንም ይረክሳል። ቢሆንም ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 50 ብር በስሜ መዝግቢ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በእግር የተራመድሽውም ይቆጠራል?

ክርና ጫማ፣ ኅዳር 9

ይቆጠራል፤ ቅጹ ላይ "የምትጨርሰው ኪሎ ሜትር" ነው የሚለው። 500 ብር ብዬ ጽፌሃለሁ።